ጀሪካን የያዘው ገበሬ
የነዳጅ ሽያጭ ገደብ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዓይን

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አርሶ አደር በአብዛኛው መኪና የለውም። ማሳውን በበሬ ያርሳል፤ እህሉን በአህያ ጭኖ ገበያ ይወጣል፤ ሩቅ መንገድ ሲኖርበትም ብዙውን በእግሩ ይጨርሰዋል። ከዚህም የተነሣ ነዳጅ ጠፋ በተባለ ቁጥር ጉዳዩ የከተማ ሰው፣ የባለ ታክሲና የባለ መኪና ጣጣ ተደርጎ ሲወራ ኖሯል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ መጋዘን የሚገባው በናፍጣ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ነው። ድንቹ ሳይበሰብስ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር የሚደርሰው፣ ምጥ የጠናባት እናትም ሆስፒታል የምትደርሰው በዚሁ ነው። መኪና የሌለው ሰውም ነዳጅ ይገዛል፤ የሚገዛው በማዳበሪያ ኩንታል፣ በወፍጮ ዋጋና በአውቶቡስ ቲኬት ውስጥ ተደብቆ ነው።

ነዳጅ ሲያጥር መንግሥታት ሁለት አማራጭ አላቸው። አንደኛው ዋጋው እንዲወጣ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ዋጋውን ይዞ ሽያጩን መገደብ፣ ማለትም በኩፖን፣ በቀን፣ በሰሌዳ ቁጥር፣ በደብዳቤ ወይም በመቅጃ ዕቃ ዓይነት ማን ይግዛ፣ ማን ይቅር ብሎ መወሰን ነው። ኢትዮጵያ ካለፉት 50 ዓመታት ወዲህ ሁለቱንም ሞክራለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገችበት ጊዜም አለ። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ገደብ ሲጣል የነዳጁ እውነተኛ ዋጋ እንደማይጠፋ ነው። ከማደያው ሰሌዳ ላይ ተነሥቶ ወደ ሰልፉ፣ ወደ ደላላው ኪስና ወደ ጭነት ኪራዩ ይዛወራል። ከአስፋልቱ ርቆ የሚኖረው አርሶ አደር ደግሞ የመጨረሻው ከፋይ ይሆናል።

መንገዱና አጋሰሱ

ይህ አካባቢ ከነዳጅ ጋር የተዋወቀው ዘግይቶ ነው። የጉናን ትከሻ፣ የጨጨሆን ዳገትና የበሽሎን ሸለቆ እያቋረጠ ጨውና እህል ያመላልስ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱ በበቅሎ፣ በፈረስና በአህያ ጀርባ ነበር። የአጋሰስ ነዳጅ ሣርና ገብስ ነው። ከባለቤቱ ደጅ ይገኛል፤ የቀይ ባሕር ወደብ ተዘጋ ተከፈተ ብሎ ዋጋው አይናጋም። ጉዳቱ የጭነቱ ማነስና የቀኑ መርዘም ነበር። በደህናው ጊዜ ይህ የሚቻል ጉዳት ነው፤ በድርቅ ጊዜ ግን ነፍስ ያስከፍላል፤ የተራበ አውራጃን በአህያ ጀርባ መመገብ አይቻልምና።

ለውጡን ያመጣው ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ ነው። ብዙ ሰው "የቻይና መንገድ" ይለዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ ከተገኘው ትብብር የመነጨ ሲሆን፣ ግንባታው የተከናወነው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በደርግ ዘመን ነው። ኋላም አስፋልት ለብሷል። መንገዱ የጭነትን ዋጋ አወረደ፤ ጋይንትን ከበጌምድርም ከወሎም ገበያ ጋር አገናኘ። በዚያው ልክ ግን አካባቢውን ከወደቡ ጋር አሰረው። ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ፣ ከደብረ ታቦርም ወደ እስቴ የሚወርዱት ቅርንጫፎች ለረጅም ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆነው ቆይተዋል። ክረምት ሲገባ በጭቃና በዳገት የሚቃጠለው ናፍጣ በሜዳ አስፋልት ከሚቃጠለው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር የሚወጣ ማናቸውም የነዳጅ ደንብ ወገዳ ሲደርስ ክብደቱ ጨምሮ ነው።

ዋጋው ሲለቀቅ

በ1966 ዓ.ም. መግቢያ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሣ፤ የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮችም እስራኤልን ይደግፋሉ ባሏቸው አገሮች ላይ ማዕቀብ ጣሉ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ ከ3 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ወደ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ዘለለ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ መንግሥት የመረጠው የመጀመሪያውን አማራጭ ነበር፤ የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ገደማ ከፍ አደረገ። የታክሲ ታሪፍ ግን ከነዳጁ ጋር አብሮ አልተስተካከለም። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም "ሴክተር ሪቪው" በተባለው የትምህርት ዕቅድና በደመወዛቸው ጉዳይ ከጎናቸው ተሰለፉ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ከጭማሪው ላይ ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም። የካቲት 20 ቀን ካቢኔው ሥልጣኑን ለቀቀ። የተከተለውን ሁሉም ያውቀዋል።

ንጉሡን የጣላቸው ቤንዚን ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። የወሎ ረኀብ፣ የመሬት ጥያቄና የወታደሩ ቅሬታ ቀድመው የተከማቹ ነበሩ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጡ መንግሥታት በሙሉ የነዳጅ ዋጋን በአንድ ጊዜ ከፍ ማድረግን እንደ እሳት ሲፈሩት መኖራቸው በአጋጣሚ አይመስልም። ዋጋ ሲጨምር ሕዝብ የሚወቅሰው አካል በግልጽ ይታያል። ሽያጭ ሲገደብ ግን ወቀሳው በማደያ ሠራተኛው፣ በነጋዴው፣ በደላላውና በሰልፉ ላይ ተበትኖ ይቀራል። ገደብ ለአስተዳደር የሚስበውም አንድም በዚህ ነው።

ኩፖንና ኮታ

በ1971 ዓ.ም. የኢራን አብዮት ሁለተኛውን የነዳጅ ቀውስ አስከተለ። ደርግ በጦርነት ላይ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪውም የሳሳ ነበር፤ ለድፍድፍ ነዳጅም በሶቭየት ኅብረት ላይ ተደግፎ አሰብ ላይ ያጣራ ነበር። በ1977 ዓ.ም.፣ በታላቁ ድርቅ መካከል፣ መንግሥት የቁጠባ እርምጃዎችን አወጀ። ቤንዚን በራሽን እንዲሸጥ፣ የግል መኪኖችም እሑድ እሑድ እንዳይንቀሳቀሱ ተደረገ። የአዲስ አበባ ሰው የዚያን ዘመን እሑድ በጸጥታው ያስታውሰዋል።

ከጋይንት ሲታይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ዓመት ነዳጅ ለርዳታ እህል ይፈለግ ነበር፤ ለጦር ግንባር ይፈለግ ነበር፤ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከጎንደር ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለተወሰደው 600 ሺህ ገደማ ሰፋሪም ይፈለግ ነበር። የከተማውን የግል መኪና መገደብ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ከአንድ ሹም የእሑድ ሽርሽር የአንድ የእህል መኪና ጉዞ ይበልጣል። ጥያቄው የተቆጠበው ነዳጅ ወዴት ሄደ የሚለው ነው። ኩፖን የሚያድለው ራሱ ትልቁ ተጠቃሚ ሲሆን ለሌላው የሚተርፈው የእርሱ ትርፍራፊ ነው። በደርግ ዘመንም ትልቁ ነዳጅ ፈላጊ መንግሥትና ሠራዊቱ ነበሩ።

አርሶ አደሩ ይህን ሥርዓት በነዳጅ ባያውቀው በእህል አሳምሮ ያውቀዋል። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ሲሰበስብ፣ ኬላ ላይም የነጋዴ ጭነት ሲያዝ፣ ዓላማው ከተማው በርካሽ እንዲበላ ነበር። የሆነው ግን ትርፍ አምራች አካባቢ ዋጋው እየወደቀ፣ እህል የጎደለበት አካባቢ ዋጋው እየናረ መሄዱ ነው። ገበያው በኬላው ጓሮ በሌሊት በአህያ ቀጠለ፤ ያደረገውም የኬላ ጠባቂውን ድርሻ መጨመር ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መጨረሻ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግድ ገደቡ ሲነሣ፣ ያ ሁሉ ኮታ ምን ያህል ያስከፍል እንደነበር የታየው ከተነሣ በኋላ ነው። የነዳጅ ገደብንም በዚህ ልምድ ማየት ለአካባቢው ሰው የሚቀልለው ለዚህ ነው።

ከአሰብ ወደ ጅቡቲ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። የአሰብ ማጣሪያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ አቆመ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መስመር ጨርሶ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ነዳጅ የሚመጣው በዋናነት በጅቡቲ በኩል፣ በቦቴ ነው። ገዢው አንድ መንግሥታዊ ድርጅት፣ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ዋጋውም በመላ አገሪቱ በመንግሥት የሚቆረጥ ሆነ።

ዋጋን ይዞ የመቆየት ወጪው በመንግሥት ዕዳ ላይ ይከማቻል። በ2000 ዓ.ም. ክረምት የዓለም ዋጋ በበርሜል እስከ 147 ዶላር ወጥቶ ነበርና፣ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ድጎማውን አንሥቶ ዋጋው በየጊዜው እንዲከለስ አደረገ። ይህም ቢሆን ብዙ አልቆየም፤ ቀስ በቀስ ድጎማው ተመልሶ ገባ።

ደብዳቤ፣ ጀሪካንና ቴሌብር

በዚህ አካባቢ ገደብ በግልጽ ተጨባጭ የሆነው በጦርነቱ ዓመታት ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘለቀ። የወልድያው አቅጣጫ ለወራት ሲዘጋ አካባቢው በአንድ በኩል ብቻ፣ በደብረ ታቦር በኩል፣ የሚተነፍስ ሆነ። የጦር ሜዳ ባለበት ነዳጅ መገደቡ የሚጠበቅ ነው። ሰላም በወረደባቸው ወራት ግን የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ዋጋ ከ120 ዶላር በላይ አወጣው፤ ሸክሙም ከጦርነቱ ወጪ ላይ ተደረበ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ሁለቱን አማራጮች አዳቀለ። ናፍጣ በሊትር ከ35 ብር ከ43 ሳንቲም ወደ 49 ብር ከ2 ሳንቲም፣ ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ። የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ደግሞ ተመዝግበው በቴሌብር ሲከፍሉ የታለመለት ድጎማ የሚያገኙ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት ላይ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ዋጋው በየጊዜው እየተከለሰ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላም እየጨመረ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም፣ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ናፍጣ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው።

ከዋጋው ጎን ለጎን በጀሪካንና በበርሜል መሸጥን የሚከለክለው ደንብ ጠበቀ፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅም ቅጣቱን አከበደው። ክልከላው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ነዳጅ ከጎረቤት አገር የረከሰ በነበረባቸው ዓመታት በድንበር ይወጣ ነበር። በየመንገዱ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቸረቸረው ቤንዚንም ከማደያ በጀሪካን የወጣ ነው፤ ቤት ያቃጠለበትም ጊዜ አለ። የሕጉ ዓላማ ኮንትሮባንድን መምታት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ወፍጮ ማደያ ድረስ ሄዶ አይቀዳም። የውኃ መሳቢያ ሞተርም ሰሌዳ ቁጥር የለውም። በደብረ ታቦር ማደያ ፊት ለፊት ታንከር ያለው መኪና ሕጋዊ ሲሆን፣ ከታች ጋይንት ቆላ ሁለት ጀሪካን በአህያ ጭኖ የመጣው ባለ ወፍጮ በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ። መፍትሔው የድጋፍ ደብዳቤ ነበር፤ ቀበሌው ለወረዳው ይጽፋል፣ ወረዳው ለማደያው ይጽፋል። ደብዳቤው ለአንድ ጊዜ ነው፤ ማደያው ደግሞ ቦቴ የመጣለት ቀን ብቻ ነው የሚሸጠው። ደብዳቤው ሲገኝ ነዳጁ አልቋል፤ ነዳጁ ሲመጣ የደብዳቤው ቀን አልፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ውጣ ውረድ ባሰበት።

የወፍጮው መቆም የሚያስከትለው በማንኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም። ወፍጮው ሲቆም እናትና ሴት ልጅ እህል ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ ያም ካልተቻለ የድንጋይ ወፍጮ ይወጣል። ባለ ወፍጮው ናፍጣውን ከደላላ ከገዛም የማስፈጫውን ዋጋ ይጨምራል፤ ሊጨምርም ይገባዋል፣ አለዚያ አይሠራም። ያ ጭማሪ የሚከፈለው የነዳጅ ድጎማ ተጠቃሚ ሆኖ በማያውቅ ቤተሰብ ነው።

ሂሳቡ

የገደብ ጉዳት ከዋጋ ጉዳት የሚለየው የት ላይ እንደሆነ ለማየት አንድ የግምት ስሌት መሥራት ይቻላል። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቢመለስ 35 ሊትር ናፍጣ ይበላል እንበል። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ዋጋ ይህ 1,240 ብር፣ በኩንታል 25 ብር ገደማ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዋጋ 3,464 ብር፣ በኩንታል 69 ብር ገደማ ይሆናል። ጭማሪው በኩንታል 44 ብር ነው። ይከብዳል፤ ግን ሊታቀድ ይችላል፤ ገንዘቡም የሄደበት ይታወቃል።

አሁን ዋጋው ሳይነካ ሰልፍ ይጨመርበት። የመኪናው ባለቤት ለሾፌርና ለረዳት ደመወዝ፣ ለባንክ ብድር፣ ለኢንሹራንስና ለጎማ በሳምንት 12,000 ብር መሸፈን አለበት እንበል። ማደያው ላይ ሳይቆም በሳምንት አራት ጊዜ ቢመላለስ ለእያንዳንዱ ጉዞ 3,000 ብር፣ ለኩንታል 60 ብር ይደርሳል። ሰልፉ ግማሹን ሳምንት ከበላበትና ሁለት ጊዜ ብቻ ከተመላለሰ ለአንድ ጉዞ 6,000፣ ለኩንታል 120 ብር ይሆናል። በሰልፍ ምክንያት ብቻ 60 ብር በኩንታል ላይ ተጨመረ። ይህን 60 ብር በነዳጅ ዋጋ ለማምጣት ናፍጣው በሊትር ከ85 ብር በላይ መጨመር ነበረበት። እንዲህ ያለ ጭማሪ በአንድ ጀምበር ቢታወጅ አገር ይነጋገርበት ነበር፤ በሰልፍ መልክ ሲመጣ ግን ማንም ስብሰባ አይጠራበትም።

ልዩነቱ ሌላም አለ። ዋጋ ሲጨምር የተከፈለው ብር ወደ አንድ ሰው እጅ ይገባል፤ መንግሥት ከሆነ ዕዳ ይከፍልበታል፣ ነጋዴ ከሆነ ሌላ ቦቴ ያመጣበታል። በሰልፍ ላይ የባከነ ቀን ግን የማንም ገቢ አይሆንም። ከቀኑ ውስጥ ገንዘብ የሆነ ነገር ቢኖር፣ መቅጃውን ወይም ደብዳቤውን ለያዘው ሰው የሚሰጠው ጉርሻ ነው፤ እርሱም አንድ ሊትር ነዳጅ አይጨምርም።

በዕቃ ዓይነትም ጉዳቱ እኩል አይደለም። በግና ፍየል በእግራቸው ገበያ ይደርሳሉ፤ ጤፍና ስንዴ ጎተራ ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ድንች አይጠብቅም። የጉና ዙሪያና የላይ ጋይንት ደጋ ድንች አምራች መኪና ባጣበት ሳምንት ለአካባቢ ገበያ ብቻ ይሸጣል፤ ዋጋው ሲወድቅ ባሕር ዳር ያለው ሸማች ግን የሚገዛው በውድ ነው። ማዳበሪያም እንዲሁ ቀኑ የተቆረጠ ነው። በሰኔ መዘራት ላለበት ስንዴ በሐምሌ መጨረሻ የሚደርስ ዩሪያ ዋጋው ያው ነው፤ ጥቅሙ ግን ያው አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ መዘግየት የክልሉን አርሶ አደሮች ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ ያስወጣ ጉዳይ ነበር። የዘገየው በነዳጅ ብቻ እንዳልሆነ፣ ግዢውም እንደዘገየ የታወቀ ነው። ሆኖም ግዢ የዘገየበት ዓመት መንገድ ላይ የሚባክን አንድም ቀን የሌለበት ዓመት ነው።

ከሌላው ዓለም

ገደብ ያስቸገረው እኛን አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ከ1966 ዓ.ም. ቀውስ ጀምሮ ነዳጅን የምታከፋፍለው ባለፈው ጊዜ ፍጆታ መጠን ነበር። ሰው መዝናኛ ስፍራ መሄድ ሲያቆም እዚያ ያሉ ማደያዎች ነዳጅ ተረፋቸው፤ ከተሞቹ ግን ረጅም ሰልፍ ያዙ። አንዳንድ ግዛቶች በጎዶሎና በሙሉ ሰሌዳ ቁጥር ቀን ለይተው ሸጡ። ይህ ሰልፉን ለጊዜው ቢያረግበውም አንድ ሊትር አልጨመረም።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ይበልጥ የሚጠቅመው የ1971 ዓ.ም. ታሪክ ነው። የዚያ አገር መንግሥት በግንቦት ወር ለእርሻ ሥራ የሚውል ናፍጣ ቅድሚያ እንዲያገኝ ደነገገ። ለገበሬ ያደላ ውሳኔ ነው፤ ማንም ገበሬ የሚያጨበጭብለት። ውጤቱ ግን ትራክተሩ ናፍጣ ሲያገኝ ምርቱን የሚያነሣው የጭነት መኪና ማጣቱ ሆነ። በሰኔ የግል ጭነት መኪና ባለንብረቶች አድማ መቱ፤ አትክልትና ፍራፍሬ በማሳ ላይ ቀረ፤ ቅድሚያውም ተነሣ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለማሳው ብቻ ከሆነ፣ ከማሳው እስከ ገበያው ያለው መንገድ ይራባል ማለት ነው። ስለዚህ ለስማዳ ወፍጮ የሚጠየቀው ናፍጣ ወደ ስማዳ ከሚወርደው መኪና ታንከር ተቀንሶ ከሆነ ጥቅሙ አጠያያቂ ነው።

ማኅበራቱ የሚያውቁት ሥራ

ይህ ሁሉ ሲባል ገደብ ፈጽሞ አይጣል ለማለት አይደለም። ወደብ ሲዘጋ፣ ጦርነት ሲኖር፣ ዶላር ሲያልቅ ያለው ሊትር ለሁሉም አይበቃም፤ አምቡላንስና የእህል መኪና ከሽርሽር መኪና መቅደም አለባቸው። ዋጋውን ብቻ መልቀቅም ደሀውን ከሰልፉ ጨርሶ የሚያስወጣ ነው። ክርክሩ ያለው የሚከፋፈልበት መለኪያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ የተሞከሩት መለኪያዎች፣ ኩፖንም ይሁን ሰሌዳ፣ የመቅጃ ዕቃም ይሁን የስልክ ክፍያ፣ ሁሉም የተሰፉት በባለ መኪናው ልክ ነበር። ገበሬው በእነዚህ ውስጥ የሚገኘው በልዩ ሁኔታ፣ በደብዳቤ ነው።

በአንጻሩ የገጠሩን ፍላጎት በቤተሰብና በቀበሌ የሚቆጥር አንድ አሠራር በአገሪቱ አለ፤ እርሱም የማዳበሪያው ነው። የልማት ሠራተኛው የአርሶ አደሩን ፍላጎት ይመዘግባል፤ ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞንና ለክልል ያስተላልፋል፤ ግዢውም በዚያው ላይ ይመሠረታል። ሲመጣ ዩኒየኑ ይረከባል፣ መሠረታዊ ማኅበራት በስም ዝርዝር ያከፋፍላሉ። አሠራሩ እንከን አለበት፤ ስም የሚዘለልበት፣ ኩንታል የሚንሸራተትበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ተጠያቂው በስሙ የሚታወቅ ነው፤ ጉባኤ ላይም ተነሥቶ ይጠየቃል። ደላላን ጉባኤ ላይ የሚጠይቀው የለም።

በዚያው የፍላጎት ቅጽ ላይ ለማኅበሩ ወፍጮ፣ ለውኃ መሳቢያና ለማዳበሪያ ማጓጓዣ የሚያስፈልግ የናፍጣ መጠን በወር ተለይቶ የሚሞላበት አንድ ዓምድ መጨመር ብዙ ወረቀት አይፈጅም። የማዳበሪያ ማጓጓዣው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ይበረታል፤ የመስኖው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ የወፍጮው ዓመቱን ሙሉ ሆኖ እህል ከተወቃ በኋላና በበዓላት ሰሞን ከፍ ይላል። መጠኑ በደብዳቤ ፈንታ በስም ዝርዝር ለማደያው ከደረሰ፣ በጀሪካን የሚቀዳውን ባለ ወፍጮ ከኮንትሮባንዲስቱ የሚለየው ወረቀት በእጁ አለ ማለት ነው፤ የሕጉ ዓላማም አይፋለስም። የናፍጣ ፍላጎትን ለማወቅ አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ባለ ወፍጮ በወር ስንት ጀሪካን እንደሚጨርስ በቃሉ ያውቃል።